ዘንጉ ሲዞር «ላዩ» የት ነው? በሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ላይ ለሮታሪ ሥራ የቱል ቁመት አወሳሰድ

ጠፍጣፋ ብረት ሞርሳ ላይ አስራችሁ ስትሠሩ ዜሮው የት እንደሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ላዩ ላይ ነው። ቱሉን (መቁረጫውን) ታወርዳላችሁ፣ ከሥሩ ወረቀት ታንሸራትታላችሁ፣ ወረቀቱ ያዝ ሲያደርግ «ዜድ ዜሮ» ትላላችሁ። አለቀ። አሁን ሞርሳውን አንሱና በቦታው ሮታሪ (ብረቱን ይዞ የሚያዞር መሣሪያ) ግጠሙ። ቻኩ (ዘንጉን በጥርስ ነክሶ የሚይዘው ክፍል) ላይ ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ እሰሩ። ላዩ የት ነው? ዘንጉን 90 ዲግሪ አዙሩት። አሁንስ?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ግን ከጠፍጣፋ ሥራ ወደ ሮታሪ የሚሸጋገር ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሰናክያለሁ። ታሪኩ ይቆየን፣ መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ እንይ።

ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ማለት አባቶቻችን «ፍሬዛ» የሚሉት ማሽን በኮምፒውተር ሲነዳ ነው። ሦስት አቅጣጫ አለው። ኤክስ ግራና ቀኝ፣ ዋይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ዜድ ላይና ታች። ሮታሪው አራተኛ ይጨምርለታል። ብዙ ጊዜ ሮታሪው የሚታሰረው የመሽከርከሪያ መስመሩ ኤክስን ተከትሎ እንዲተኛ ተደርጎ ነው። ያኔ ዙሩ «ኤ» ይባላል። ኤ0፣ ኤ90፣ ኤ180 ስንል ዘንጉ ስንት ዲግሪ ዞረ ማለታችን ነው።

ይህ ሁሉ ችሎታ ያለው ማሽን ታዲያ ዓይን የለውም። የሚያውቀው ቱሉን ይዞ የሚሽከረከረው ስፒንድል የት እንዳለ ብቻ ነው። ስፒንድሉ ጫፍ ላይ አጭር ኤንድ ሚል (በጎኑና በጫፉ የሚቆርጥ ቱል) ይታሰር ወይ ረጅም ፑንታ (መሰርሰሪያ)፣ ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ የያንዳንዱን ቱል ቁመት እኛ እንነግረዋለን። ቁጥሩ የሚጻፈው የኤች ሰንጠረዥ ላይ ነው። ቱል 1 ኤች1፣ ቱል 2 ኤች2 እያለ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ውስጥ «ጂ43 ኤች1» የሚለው መስመር ሲመጣ ማሽኑ ያችን ቁጥር ወስዶ ዜዱን ያስተካክላል። ጂ49 ደግሞ ይሰርዘዋል። ሃስና ፋኑክ የተባሉት የማሽን መቆጣጠሪያዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ሲመንስ ላይ ጂ43 አትጽፉም፣ የቱሉ ቁመት በዲ ቁጥር በኩል ይመጣል። ሃይደንሃይንም ቱሉ ሲጠራ ራሱ ይወስደዋል። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሁለተኛ ሰንጠረዥም አለ፤ ጂ54። እሱ ስለ ቱል ምንም አያውቅም። የሚናገረው ሥራው ማሽኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በጠፍጣፋ ሥራ ላይ እንደምንም ያልፋል። በሮታሪ ላይ አያልፍም። አንድ ልጅ በርጩማ ላይ ቢቆም ቁመቱ አልጨመረም፣ የቆመበት ቦታ ነው ከፍ ያለው። ኤች የልጁ ቁመት ነው። ጂ54 በርጩማው ነው። በርጩማው ሲቀየር ልጁን እንደገና መለካት የለብንም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ዜሮው መሃል ይግባ

እናቶች ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርት አይታችሁ ይሆናል። ጠርዙ በፍጥነት ይዞራል፣ ክሩ ይጠመጠማል፣ የመሃሉ እንጨት ግን ባለበት ነው። ሮታሪ ላይ የታሰረ ብረትም እንደዚያው ነው። ላዩ ጎን ይሆናል፣ ጎኑ ሥር ይሆናል። የማይንቀሳቀስ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ የመሽከርከሪያው ማዕከል።

ልብ በሉ፣ ኤ ሲዞር ጂ54 አብሮ አይዞርም። ዜሮው ማሽኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ይቀራል። ዜሮን ላዩ ላይ ካደረጋችሁት ልክ የሚሆነው በዚያው ጎን ብቻ ነው። ብረቱ ሲዞር ሌላው ጎን በሌላ ከፍታ ይመጣል። ማዕከሉ ላይ ካደረጋችሁት ግን በ0 ዲግሪም በ137 ዲግሪም ዜሮው ያው ዜሮ ነው።

ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል። ከጎን እስከ ጎን 36 ሚሊ የሆነ ስድስት ጎን መሥራት ፈለጋችሁ እንበል። የ36 ግማሽ 18 ነው። ስለዚህ በኤ0 ዜድ18፣ በኤ60 ዜድ18፣ በኤ120ም ዜድ18 ነው። ስድስቱም ጎን በአንድ ቁጥር ያልቃል። ጥሬው ብረት 42 ሚሊ ይሁን 45፣ ዝገት ይኑረው አይኑረው፣ ጠማማ ይሁን አይሁን፣ 18ቷ አትነቃነቅም። ላዩን ዜሮ ያደረገ ሰው ግን ብረቱ በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለየጎኑ የተለየ ኦፍሴት (የራሱ ዜሮ) የሚሰጡም አሉ። ጂ54 ለኤ0፣ ጂ55 ለኤ90፣ ጂ56 ለኤ180 እያሉ። ይሠራል። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ሲመጣ፣ ጎኖቹ ከማዕከሉ ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው ሲቀር፣ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ለተራ ዘንግ ግን አራት ዜሮ ማለት አራት የመሳሳቻ ዕድል ነው። እኔ አልመክረውም።

የማይነካውን መንካት

እዚህ ጋ አንድ ችግር አለ። ማዕከሉ ብረቱ ሆድ ውስጥ ነው። ቱሉን አውርዶ መንካት አይቻልም። ስለዚህ የሚነካ ነገር ነክተን ርቀቱን እንቀንሳለን።

ቀላሉ መንገድ በደንብ የተፈጨ (በግራይንደር የተስተካከለ) ክብ ዘንግ ማሰር ነው። ዲያሜትሩን በማይክሮሜትር ለኩ። 40.00 ከሆነ አናቱ ከማዕከሉ 20 ሚሊ ከፍ ይላል። አናቱን ስትነኩ ለማሽኑ «አሁን ያለሁት ዜድ 20 ላይ ነው» ትሉታላችሁ። ዜሮ አይደለም፣ 20። ከዚያ በፊት ግን ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛነፍን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስጠግታችሁ ዘንጉን አንድ ዙር አዙሩት። ሦስት ጥርስ ያለው ቻክ ሲያረጅ ዘንጉን ትክክል መሃል ላይ አይዝም። መርፌው በሙሉ ዙር ውስጥ 0.06 ከተጓዘ ዘንጉ ከማዕከሉ 0.03 ተዛንፏል ማለት ነው። መርፌው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን በሚያሳይባቸው ቦታዎች መካከል ላይ አቁማችሁ ንኩ።

እኔ የምወደው ግን ሌላኛውን ነው። ቻኩን አያምንም፣ ዘንጉንም አያምንም። ሁለት ጎኑ ትይዩ የሆነ ብሎክ ታስራላችሁ፤ ውፍረቱ 30.00 ሚሊ እንበል። ዳያል ጌጅ ይዛችሁ ላዩን በዋይ አቅጣጫ ትጠርጉና ደልዳላ እስኪሆን ኤን ታስተካክላላችሁ። ከዚያ ቱሉ ላዩን ይንካ፣ የማሽኑን ዜድ ጻፉ። 180 ዲግሪ አዙሩ። ሌላኛውን ጎን ንኩ፣ እሱንም ጻፉ። የመጀመሪያው ‑346.46 ሆነ፣ ሁለተኛው ‑346.70። አማካዩ ‑346.58 ነው። ከዚህ ላይ የብሎኩን ግማሽ፣ 15ን፣ ወደ ታች ውረዱ፤ ‑361.58። ይህ ቱል ማዕከሉን ቢነካ ኖሮ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ይሄ ነው። ወረቀት ተጠቅማችሁ ከሆነ የወረቀቷንም ውፍረት አብራችሁ ቀንሱ።

ብሎኩ መሃል ላይ አልታሰረም ነበር፣ በ0.12 ተዛንፎ ነበር። አያገባንም። በአንድ ጎን የጨመረው በሌላው ጎን ይቀንሳልና አማካዩ አይዋሽም። አለቃ የማይወደውን አሮጌ ቻክ ይዛችሁም ትክክለኛውን ማዕከል ታገኛላችሁ።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። የሮታሪው ታች የተፈጨ ከሆነና ጠረጴዛው ንጹሕ ከሆነ የማዕከሉ ከፍታ ከጠረጴዛው አይቀየርም። ሮታሪውን ዛሬ አንስታችሁ በወሩ ብትመልሱት ኤክስና ዋይ ሌላ ይሆናሉ፣ ዜድ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አንዴ በጥንቃቄ አግኙና ሮታሪው አካል ላይ በማርከር ጻፉት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማረጋገጥ ብቻ ነው። ከሥሩ ቅንጥብጣቢ ብረት ገብቶ ከሆነም የሚያሳብቅባችሁ ያው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ቱሎቹ

ቱል የሚለካበት መንገድ ብዙ ነው። በጣም የተለመደው እያንዳንዱን ቱል ሥራው ላይ ማስነካት ነው። ለአንድ ጠፍጣፋ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ለሮታሪ ግን ስምንት ቱል ካላችሁ ስምንት ጊዜ ክብ ዘንግ አናት ላይ መንካት፣ ስምንት ጊዜ ራዲየስ ማስላት ነው። ነገ ዘንጉ ከ40 ወደ 55 ሲቀየር ደግሞ ስምንቱንም እንደገና። ልጁን በርጩማ ላይ አቁሞ መለካት ማለት ይህ ነው።

የተሻለው ቱሉን ሥራው ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ማስነካት ነው። ቱል ሴተር (ቱል የሚነካበት፣ ቁመቱ የታወቀ መሣሪያ) ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የተፈጨ ብሎክ ይበቃል። ሴተሩ ከጠረጴዛው 50 ሚሊ ከፍ ይላል፣ የሮታሪው ማዕከል ደግሞ 125 ሚሊ ከፍ ይላል እንበል። ልዩነቱ 75 ነው። አሁን ሁሉም ቱል ሴተሩን ይንካ፣ የተገኘው ቁጥር ቀጥታ በየኤቹ ላይ ይጻፍ። 75ቷ ደግሞ አንዴ ብቻ ጂ54 ላይ፣ ዜድ ሥር ትገባለች፤ ማዕከሉ ከሴተሩ በላይ ስለሆነ በፕላስ።

ቅድም ካገኘናቸው ቁጥሮች ጋር እናስተያየው። ያ ብሎኩን የነካው ቱል ሴተሩን ሲነካ ማሽኑ ‑436.58 አሳየ እንበል። ኤቹ ይሄ ነው። ማዕከሉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ‑361.58 መሆኑን በሁለት ጎን አረጋግጠናል። ልዩነታቸው 75.00 ነው። ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ ወይ ሴተሩ ላይ ወይ ሮታሪው ሥር ቆሻሻ አለ ብዬ እጠራጠር ነበር።

ፑንታ ቢሰበር አዲሱን አስራችሁ ሴተሩ ላይ ታስነኩታላችሁ። የሱ ኤች ብቻ ይቀየራል። ሥራው ቢቀየር የቱሎቹን አትነኩም። ሮታሪው ቢነሳና ሞርሳ ቢመለስም ኤቾቹ እንዳሉ ይሠራሉ፣ ጂ54 ብቻ ነው የሚቀየረው። ሁለቱ ሰንጠረዦች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሥራ ሲሠሩ ሕይወት ይቀላል።

ቱልን ከማሽኑ ውጭ በፕሪሴተር የሚለኩ ሱቆችም አሉ። ያኔ ኤች ቱሉ ከስፒንድሉ አፍ እስከ ጫፉ ያለው እውነተኛ ርዝመት ስለሆነ ፕላስ ቁጥር ይሆናል፤ ጂ54 ላይ ያለው ዜድ ደግሞ ትልቅ ማይነስ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ አትቀላቅሉ። ግማሹ ቱል በማይነስ ግማሹ በፕላስ የተሞላ ሰንጠረዥ አይቻለሁ፤ የሚቀጥለው ቱል ስፒንድሉን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስፈልግም።

ክብ ነገር ላይ መንካት ተንኮል አለው

ሴተር የለም፣ ብሎክም የለም፣ ያለው ክብ ዘንግ ብቻ ነው እንበል። ያጋጥማል። ያኔ ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው አናቱን መሳት ነው። ሹል ቱል፣ ለምሳሌ ፑንታ፣ ከአናቱ ትንሽ ወደ ዋይ ፈቀቅ ብሎ ቢነካ ከአናቱ ዝቅ ያለ ቦታ ነው የነካው። ራዲየሱ 20 በሆነ ዘንግ ላይ 1 ሚሊ ፈቀቅ ካለ ስህተቱ 0.025 ነው። ምንም አይደለም ትላላችሁ። 2 ሚሊ ፈቀቅ ካለ ግን 0.10 ይሆናል፣ 3 ሚሊ ላይ ደግሞ 0.226። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ነው የሚያድገው። እናንተ ዜድ 20 ብላችሁ ስትጽፉ ቱሉ ያለው 19.90 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ሁሉ በ0.10 ይጠልቃል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የዋይን ማዕከል አግኙ፣ ዋይን ዜሮ ላይ አቁሙ፣ ከዚያ ዜድን ንኩ።

ሁለተኛው የኤንድ ሚል ጥርስ ነው። የኤንድ ሚልን ጫፍ ገልብጣችሁ ብታዩት ጠፍጣፋ አይደለም፤ መሃሉ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ያለ ነው። ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጥርሶቹ ጥግ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጥጎቹ ይነካሉ፣ ችግር የለም። ክብ ዘንግ አናት ላይ ግን ጥርሶቹ ወደ ዋይ ዞረው ከቆሙ ጥጎቹ ከአናቱ ግራና ቀኝ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ አናቱን የሚነካው ያ ገባ ያለው መሃል ይሆናል። ቁጥሩ ይዋሻል። ስፒንድሉን በእጅ አዙራችሁ አንዱን ጥርስ በኤክስ አቅጣጫ፣ ዘንጉን ተከትሎ እንዲተኛ አድርጉት። ያኔ ጥጉ አናቱ ላይ ያርፋል። ይህን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ቶርኖ ሠሪ ነው። ሲኤንሲ በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም፣ ብረት ግን ያውቃል።

ሦስተኛው ቦል ኖዝ ነው። ጫፉ እንደ ኳስ የሆነው። በእጅ የምትነኩት የኳሱን ጫፍ ነው። አንዳንድ የካም ፕሮግራም (የማሽኑን መንገድ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር) ግን ቱሉን ከኳሱ መሃል ሊቆጥር ይችላል፤ ቅንብሩ ላይ የሚመረጥ ነው። 6 ሚሊ ቦል ኖዝ ከሆነ ሁለቱ በ3 ሚሊ ይለያያሉ። 3 ሚሊ ደግሞ የቁመት ስህተት ሳይሆን ግጭት ነው።

ስለ ወረቀትም አንድ ነገር። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ግድም ነው። ለሻካራ ሥራ ይበቃል። ለጥሩ ሥራ ግን የተለካ ፒን ይሻላል፣ 10 ሚሊ በቂ ነው። ቱሉን ከፒኑ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ትጀምሩና በ0.01 እያደረጋችሁ ወደ ላይ ታነሳላችሁ፣ ፒኑን ከጎን እየገፋችሁ። ልክ ሲያልፍ ቱሉ ከሥሩ ካለው ነገር 10 ሚሊ ላይ ነው። ወደ ታች እያወረዳችሁ በፒኑ ላይ አትጫኑት። ካርባይድ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው፤ ጠንካራ ብረት ላይ ሲጫን ጥርሱ ይረግፋል።

የኔ ዘንግ

አሁን ታሪኩ። የወፍጮ ዘንግ ነበር። ጫፉ አራት ጎን ሆኖ ጎን ለጎን 30 ሚሊ እንዲወጣ ነው የተጠየቅኩት። ቱሉን በወረቀት ነካሁ፣ ለማሽኑ ራዲየሱን ነገርኩት፣ ወረቀቷን ግን ረሳኋት። ማሽኑ ቱሉ ብረቱን እየነካ ነው ብሎ ያምናል፤ በእውነት ግን 0.1 ከፍ ብሏል።

አራቱን ጎን ቆረጥኩ። ስለካው 30.20። በጣም ደስ አለኝ፤ ከሚያንስ ይልቅ ቢተርፍ ይሻላል፣ የተረፈውን እንቀንሳለን። 0.20 ስለተረፈ የቱሉ ዌር ሰንጠረዥ (ቱሉ ሲበላ ማስተካከያው የሚጻፍበት) ላይ ‑0.20 ጻፍኩና ደገምኩት። ወጣ፤ 29.80። የወፍጮ ዘንጉ ስክራፕ ሆነ። ባለቤቱ ቆሞ እያየ ነበር።

ምን ሆነ? ጠፍጣፋ ሥራ ላይ ውፍረት 0.20 ከተረፈ ቱሉን 0.20 ታወርዳላችሁ። ሥሩ አይንቀሳቀስምና ልክ ነው። ሮታሪ ላይ ግን ሁለቱንም ጎን የሚቆርጠው ያው ቱል፣ በዚያው ስህተት ነው። በኤ0 0.1 ይተርፋል፣ በኤ180 ሌላ 0.1 ይተርፋል። ማይክሮሜትሩ የሚያሳየው ድምሩን ነው። ማውረድ የነበረብኝ 0.10 ብቻ ነበር። ቶርኖ የሠራ ሰው ይህን በደመ ነፍስ ያውቀዋል፣ ዲያሜትርና ራዲየስ ሲያቀያይር ነው የሚውለው። እኔ ከፍሬዛ ስለመጣሁ አላወቅኩም።

ይሄው እጥፍ የመሆን ጸባይ ግን ለመፈተሻ ይጠቅማል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ስጀምር ቁራጭ ብረት አስሬ በኤ0 አንድ ጎን፣ በኤ180 ሌላ ጎን እቆርጣለሁ። እለካለሁ። ከተባለው የተለየውን ለሁለት እከፍላለሁ። ስህተቱ ስለሚጎላ በዓይን የማይታየው 0.01 እንኳ 0.02 ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ቱል በእኩል ከሳተ ጂ54 ነው የተሳሳተው። አንድ ቱል ብቻ ከሳተ የሱ ኤች ነው። ሁለት ተቃራኒ ቦዮች ዘንጉ ግራና ቀኝ ላይ ካልተገጣጠሙ ደግሞ ዜድን ተዉት፤ የዋይ ማዕከል ነው የሳተው፣ እሱም በእጥፍ ነው የሚታየው።

የሚዞር ነገር ጥግ አለው

ዘንግ ክብ ሲሆን ስታዞሩት ከፍታው አይቀየርም። አራት ማዕዘን ብረት ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። 50 በ50 የሆነ ብረት ስታስሩ ላዩ ከማዕከሉ 25 ሚሊ ከፍ ይላል። ቱሉን ዜድ30 ላይ አቁማችሁ «5 ሚሊ ክፍተት አለኝ» ብላችሁ ኤን ብታዞሩ ጥጉ ይመጣል። ጥጉ ከማዕከሉ 35.36 ሚሊ ይርቃል። ቱሉን ከ5 ሚሊ በላይ ይመታዋል፣ ያውም ሮታሪው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ። የመመለሻ ከፍታችሁን የምትወስኑት በላዩ ሳይሆን በጥጉ ነው። ላዩን ዜሮ ማድረግ የሚጠላበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፤ ጥጉ የት እንደሚደርስ ከቁጥሩ አይታይም። ዜሮው ማዕከሉ ላይ ሲሆን ግን ከማዕከሉ እስከ ጥጉ ለክታችሁ ጥቂት ሚሊ መጨመር ብቻ ነው።

ቻኩንም አትርሱ። ራዲየሱ 80 የሆነ ቻክ አናቱ ዜድ80 ላይ ነው። ቱሉ ቻኩ አጠገብ ዜድ15 ላይ ሊቆርጥ ከወረደ ሆልደሩ (ቱሉን የሚይዘው) ከቻኩ አናት በላይ እንዲቀር ቱሉ ከሆልደሩ ቢያንስ 65 ሚሊ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ዘንጉን ከቻኩ አርቃችሁ ማሰር ነው። ለሮታሪ ሥራ ቱል ከወትሮው ረዘም ብሎ የሚታሰረው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሮታሪው ከጠረጴዛው ከፍታ በልቷል። ረጅሙ ፑንታ ሲለወጥ ዘንጉን ሳይነካ የሚያልፍበት ቦታ መኖሩን ቱል ቼንጁን ከማስጀመራችሁ በፊት እዩ።

ዘንግ ዙሪያ ፊደል ወይም መስመር መቅረጽ ላይ የቁመት ስህተት በሌላ መልክ ይወጣል። ጫፉ 90 ዲግሪ የሆነ የመቅረጫ ቱል 0.1 ሲጠልቅ መስመሩ 0.2 ይሰፋል። ዘንጉ ከማዕከሉ ከተዛነፈ ፊደሎቹ በአንድ ጎን ወፍራም በሌላው ጎን ቀጭን ይሆናሉ፤ ያንን ኤች አያስተካክለውም፣ ቻኩ ነው የሚስተካከለው። ለዚህ ሥራ ዜሮውን ላዩ ላይ የሚያደርግ የካም ፕሮግራም ካላችሁ ተከተሉት፣ ግን ፕሮግራሙና ማሽኑ አንድ ቋንቋ ይናገሩ።

አምስት አክሲስ ያላቸው ማሽኖች ይህን ሁሉ ጣጣ ራሳቸው ያሰሉታል፤ በፋኑክ ጂ43.4፣ በሃስ ጂ234 ይባላል። ለነሱም ቢሆን የማዕከሉን ቦታ የምትነግሯቸው እናንተ ናችሁ። የተሳሳተ ማዕከል ከሰጣችኋቸው በትልቅ ፍጥነት ያሰሉት የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ብረት በየአንድ ዲግሪው በሜትር ወደ 11 ማይክሮን ይረዝማል። 150 ሚሊ የሚሆን ሆልደርና ቱል በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.017 ሚሊ ጨመረ ማለት ነው። ለወፍጮ ዘንግ ግድ የለም። ለኩሽኔታ መቀመጫ ግን ስፒንድሉን 15 ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ ለኩ።

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አረንጓዴዋን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት የማደርጋት አንድ ነገር አለች። ፕሮግራሙን በሲንግል ብሎክ፣ ማለትም መስመር በመስመር፣ አስኬዳለሁ። ቱሉ ተጠርቶ ጂ43 ከገባ በኋላ ዜድ100 ላይ እንዲቆም መስመር አስገባለሁ። ዘንጉ 40 ከሆነ አናቱ ዜድ20 ላይ ነው፤ ስለዚህ በቱሉ ጫፍና በዘንጉ መካከል 80 ሚሊ መኖር አለበት። ማስመሪያ አስጠጋለሁ። 80 ከሆነ እቀጥላለሁ። 100 ከሆነ አናቱን ዜሮ ብዬዋለሁ ማለት ነው፤ 60 ከሆነም ራዲየሱን ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ከዚህም ከዚያም ወጣ ያለ ቁጥር ከመጣ ቁልፉን ትቼ ወደ ኤች ሰንጠረዡ እመለሳለሁ።